የአማቴ አፍንጫ

ማሽተት ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል። ያ አገር ምድሩን አልጋ ላይ ያጋደመ ጉንፋን የመጣ ጊዜ እኔም እንደ ሰው ተኛሁ፤ ሌላው ሲነሣ ከነአፍንጫው ተነሣ፣ የእኔ ግን ፊቴ ላይ ለጌጥ ብቻ ቀረ። ሐኪሙ ጊዜ ይፈልጋል አለኝ። ጊዜ ሰጠሁት፣ ምንም አልመለሰልኝም። ወጥ ሲያርብኝ አጥር ላይ ሆኖ የሚነግረኝ ጎረቤት ነው፤ ወተት መበላሸቱን የማውቀው የባለቤቴን ፊት አይቼ ነው።

ለሌላ ሰው ይኼ ቀላል ነገር ነው። እንዲያውም በክረምት በሶዶ ገበያ ጀርባ ለሚያልፍ ሰው ጸጋ ነው። ለጠላ ጠማቂ ግን ሞት ነው። ጠላ ከጥንስሱ እስከ ብርጭቆው በአፍንጫ ነው የሚሠራው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ መጥራቱን፣ የወይራው ጢስ ሸክላው ውስጥ መግባቱን፣ እንኩሮው ሳያር መብሰሉን፣ ጠላው ሊሆመጥጥ ማሰቡን ሳይቀር ቀድሞ የሚያውቀው አፍንጫ ነው። ምላስ የሚመጣው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ የእኔ ምላስ ደግሞ ብቻውን ሲቀር መራራና ጎምዛዛ ከመለየት በቀር ሥራ ፈታ። የማንም ጠላ አፌ ውስጥ አንድ ሆነብኝ።

ታዲያ ለምን አልተውሽውም የሚል ይኖራል። እንዴት አድርጌ! እኔ የሶዶ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አያቶቼ ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ያገባሁት የወላይታ ልጅ ሲሆን፣ ቤተሰቦቹ ወንጌል አማኞች ናቸው፤ መጠጥ አይነኩም። ምግብ ሠርቼ ላስደስታቸው ብል ዳታ በርበሬዬ ለባለቤቴ እህቶች ሁልጊዜ ጨው ያንሰዋል፣ ቆጮዬ ሁልጊዜ ይደርቅባቸዋል። እኔ በዚህ ሰፈር ስም ያለኝ በጠላዬ ነው። ማኅበር ሲሆን፣ ክርስትና ሲነሣ፣ ልጅ ሲዳር፣ የእሷን ጠላ አምጡ የሚባለው የእኔ ነው። አፍንጫዬ መሞቱን ቢያውቁ የማኅበሩ ሴቶች በጨዋ ደንብ፣ እየሳቁ፣ አንቺ ከአሁን በኋላ ዳቦ ብቻ አምጪ ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ከማይ አፈር ብበላ ይሻለኛል። ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ለባለቤቴም ጭምር። እሱ ሹፌር ነው፣ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው፤ አለማወቁ አልከበደውም።

ያወቁብኝ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ብቻ ናቸው። እኛ ዘንድ ነው የሚኖሩት። አንድ ቀን ከሥራ መጥቼ ሳሎን ቁጭ ብዬ ምሳዬን ስበላ እሳቸው ከጓሮ ገቡ፤ ገና በሩን ሳያልፉ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ። ለካስ ከቁም ሳጥኑ ኋላ አይጥ ሞታ ሰነባብታለች፣ እኔ አጠገቧ ሆኜ እጄን እየላስኩ ነው። የአማቴ አማርኛ ወንድና ሴት አይመርጥም፤ ሲላቸው አንተ፣ ሲላቸው አንቺ ይሉኛል። ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ "አንተ፣ ይኼ ነገር አይሸትህም?" አሉኝ። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ ወላይትኛ ላይ እናትን እንደሚጠሩት አዬ ነው የምላቸው፣ አዬ ብዬ ጀመርኩና እንባ ቀደመኝ። እሳቸው አይጧን በአካፋ አውጥተው ቀበሩ።

አሁን ስለ አማቴ ትንሽ ልናገር። የትውልድ ቦታቸው ከተበላ ከተማ ወዲያ ነው፣ ቆላው ላይ። ጌታን ከመቀበላቸው በፊት ፓርሶ ይጠምቁ ነበር፤ ይኼ የወላይታ ጠላ ማለት ነው። የተበላ ገበያተኛ መንገዱን አጥፎ በእሳቸው ደጅ ነበር የሚያልፈው ይባላል፤ የሚለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው እንጂ እሳቸው አይደሉም። ጌታን የተቀበሉ ቀን ጋናቸውን ለጎረቤት ሰጥተው ወጡ፣ ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልቀመሱም። በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ጸሎት መሪ ናቸው። ሁሉ ነገራቸው ተለውጧል፤ አፍንጫቸው ግን ያልዳነ አሮጌ ሰው ነው።

ከአይጧ በኋላ ባሉት ቀናት ጥንስስ እየጣልኩ ሳለ አማቴ የማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ መጥተው ቆሙ። ወደ ውስጥ አልገቡም። ወደ ዳሞታ ተራራ እያዩ፣ ለተራራው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ ጋኑ ገና ነው አሉ፤ ግራዋውን ድገሚው። ደገምኩት። በማግስቱም መጡና ጌሾው በዛ አሉ። ቀነስኩት። አንድ ቀን ነገሩን ፊት ለፊት ባነሣባቸው፣ እሳቸው ጌታን ከተቀበሉ ወዲህ ቀምሰው እንደማያውቁ፣ ነገር ግን ነፋስ ያመጣላቸውን ከማሽተት የከለከላቸው ቃል መጽሐፉ ውስጥ እንዳላገኙ በቁጣ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ አላነሣሁም። እኔ እጠምቃለሁ፣ እሳቸው ደጃፉ ላይ ቆመው ነፋስ ይቀበላሉ። እውነቱን ለመናገር ጠላዬ በራሴ አፍንጫ ከምሠራበት ጊዜ ይልቅ ጣመ አሉኝ፤ ይኼን ስጽፍ እንኳ ቅር እያለኝ ነው።

እንግዲህ ውድድሩ መጣ። በየዓመቱ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሰሞን የባህል መጠጥ ውድድር አለ። መጀመሪያ በየሰፈሩ ይቀመሳል፤ ያለፈው ወደ ቀበሌ ይሄዳል፤ ከየቀበሌው ሁለት ሰው ካርድ ተሰጥቶት ለበዓሉ ሜዳ ላይ ለከተማው ይወዳደራል። ሽልማቱ ምን እንደሆነ አሁንም በደንብ አላውቅም። እኔ የፈለግሁት ካርዱን ነው፤ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ የባለቤቴ እህቶች እያዩ ሜዳው መሃል ጋን ይዞ መቆም አለ። ደንቡ አንድ ነው፤ ሻጭ አይወዳደርም። ደጃፏ ላይ በእንጨት ጣሳ የሰቀለች ሴት ከነጣሳዋ ትቅር ነው የሚለው፤ ውድድሩ ለቤቱና ለእንግዳው ለሚጠምቅ ሰው ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ደንብ ጉድ ፈላ። ከአንዱ ቀበሌ ያለፈች ሴትዮ ሜዳው ላይ ጋኗን አስቀምጣ ስትኩራራ አንዲት ጠላ ሻጭ መጣች። አንድ ብርጭቆ ጠጣችና፣ የጠፋ ልጇን እንዳገኘች ሁሉ ጋኑን አቅፋ ተቀመጠች። ለካስ ተወዳዳሪዋ በጀሪካን ገዝታ ነው ያመጣችው። ሰዉ ስቆ ሞተ፣ ኮሚቴው ግን አፈረ። ስለዚህ ዘንድሮ ኮሚቴው አንድ ፈተና ጨመረ። የሰፈሩን ዙር አልፈን ስንሰበሰብ ሰብሳቢው ተነሣ፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ስብሰባ የሚገባ ጡረተኛ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዷ ተወዳዳሪ ከተደረደሩት ብርጭቆዎች መካከል የራሷን ጠላ ለይታ ታወጣለች አለ። የራሷን ያላወቀች ገዝታ ነው ያመጣችው ማለት ነው፤ በዚያው ትሰናበታለች።

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨበችው ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ናት፤ እሷም እንደ እኔ የሰፈሩን ዙር አልፋለች። ይህች ሴት ከእኔ ጋር ክፉ አይደለችም፤ ዝም ብላ የእኔን ጠላ ስትጠጣ ብርጭቆውን ብርሃን ላይ አንሥታ ታየዋለች፣ ያንን ነው የማልችለው። እኔም አጨበጨብኩ።  በአፌ ውኃና ጠላ ብለይ እግዜር ያውቃል፣ ጠላ ከጠላ እንዴት ልለይ? ካርዱ መቅረቱ ብቻ ቢሆን ሆድ ይፍጀው እላለሁ። አሁን ግን ካልለየሁ ሌባ ነኝ፤ ያውም የሌላ ሰው ጠላ የእኔ ነው ያልኩ ሌባ።

ቤት ገብቼ ለአማቴ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ተይው አሉኝ። አልተውም አልኩ፤ ደሜ ፈልቶ ነበር፣ እህቶቹንም ሰፈሩንም ኮሚቴውንም አንድ ላይ ስረግም እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ እንደ ዘበት፣ መታወቂያዬ ጊዜው አልፏል፣ የዚያን ቀን ቀበሌ ሄጄ ላሳድስ አሉ። ወዲያው ገባኝ። ብርጭቆዎቹ የሚደረደሩት በረንዳው ላይ ነው፤ የመታወቂያ ሰልፍም በዚያው በረንዳ ነው የሚያልፈው። እሳቸው በጠረጴዛው አጠገብ ሲያልፉ ነፋስ የኛን ጠላ ይነግራቸዋል፣ እኔ ተራዬ ደርሶ ወጥቼ ብርጭቆዎቹን ሳነሣ ደግሞ እሳቸው ምልክት ይሰጡኛል።

ምልክቱ ላይ ተጣላን። ያስሉልኝ አልኳቸው። ሳያስላቸው ማሳል ውሸት ነው አሉ። እሺ ራስዎን ይከኩ አልኩ። ሳይበላቸው ማከክም ውሸት ሆነ። መሐረብ ይጣሉ ብል፣ መሐረብ በእጅ እያለ ወደቀ ማለት ከሁሉ የባሰ ውሸት ሆኖ ተገኘ። ማታለል እያሰብን እሳቸው የውሸት ሚዛን ይዘዋል! በመጨረሻ ራሳቸው መላ አመጡ። የኔ ብርጭቆ ላይ ስደርስ "ጌታ ይባረክ" ይላሉ፤ ይኼ ቃል በማንኛውም ሰዓት ቢነገር እውነት ነው። በጣም ደስ አለን፣ ሁለታችንም። ብልህ ሴቶች ነን ብለን አምሽተን ሳቅን።

ለውድድሩ የጠመቅነው ጠላ የሚያስቆጭ አልነበረም። ብቅሉን ከሻንቶ ገበያ ራሳቸው አሽትተው መረጡ፤ ሻጩ፣ ሴትዮዋ ለሽቶ ነው ወይስ ለእህል የመጡት ብሎ አላገጠባቸው። እንኩሮው ላይ አጠገቤ ሆነው አውጪው ባሉኝ ሰዓት አወጣሁት። ጋኑን ሦስቴ አስጠቡኝ። የውድድሩ ዕለት ጠዋት ማሰሮውን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ አማቴን ከጎኔ አስቀምጬ በባጃጅ ወረድን። ባጃጁ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር አማቴ በጸጥታ አየር ይስቡና ደህና ነው፣ አልፈሰሰም ይሉኝ ነበር።

ቀበሌው የሥራ ቀን ስለነበር ጢም ብሏል። ማሰሮዎቻችንን ተቀበሉንና ተወዳዳሪዎቹን አንድ ክፍል ውስጥ ዘጉብን። ከኮሚቴው አንድ ወጣት ልጅ ጠላውን በብርጭቆ እየቀዳ በረንዳው ላይ ደረደረ፤ ከዚያ በየተራ አስጠራን። ድርድሩ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አይቀየርም ነበር፤ ኮሚቴያችን እስከዚያ አላሰበም። ማዶዋ ጎረቤቴ ከእኔ በፊት ተጠራች። ትንሽ ቆይቶ እልልታ ሰማን፤ የራሷን አግኝታለች።  ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ።

በረንዳው ላይ ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት አማቴን ነው። ጠረጴዛውን አልፈው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፣ መታወቂያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፣ ፊታቸው እንደ እሑድ ፊት ጸጥ ብሏል። አወቁት ማለት ነው። ልቤ ተመለሰ። ሰብሳቢው ቀጥይ አለኝ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ አነሣሁ፣ እንደሚያውቅ ሰው ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ቀመስኩ፣ ምንም። አማቴ ዝም አሉ። አስቀመጥኩት። ሁለተኛውን አነሣሁ። ያን ጊዜ ከመታወቂያው ሰልፍ አንዲት ሴትዮ ወጡ። የአማቴ የጸሎት ጓደኛ ናቸው፣ ዘወትር እሑድ ጎን ለጎን የሚቀመጡ። እጃቸውን ዘርግተው፣ ውይ እህቴ፣ ሰላም ነሽ ወይ፣ እንዴት ከረምሽ እያሉ መጡ።

አማቴም ዕድሜ ልካቸውን ሰላምታ እንደሚመልሱት፣ ሞቅ አድርገው፣ "ጌታ ይባረክ!" አሉ።

እኔ ምን ቸገረኝ፤ ብርጭቆውን ከፍ አድርጌ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ይኼ ነው የኔ አልኩ። የአማቴን ፊት ያየሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው። እጃቸው አፋቸው ላይ ነበር።

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ለካስ ሁለተኛው ብርጭቆ የማዶዋ ጎረቤቴ ነው፤ እሷ ቅድም ያወጣችውን ሁሉም አይቷል። ጎረቤቴ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ፣ የኔን ጠላ ነው እኮ የኔ ያለችው፣ ከኔ ቤት ነው ያመጣችው ማለት ነው አለች። ከሰልፉ አንዱ ሽማግሌ፣ ታዲያ አንቺ ትሸጫለሽ ማለት ነው፣ ሻጭ አይወዳደርም አልተባለም ወይ ብሎ ጠየቃት። ተቀመጠች። በሌላ ቀን ቢሆን በዚያች አቀማመጧ ብቻ አንድ ሳምንት እስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን ጆሮዬ ጭው ብሎ፣ ሰብሳቢው ገዝተሽ ነው ያመጣሽው ወይ ሲለኝ ድምፁ ከሩቅ ነበር የሚሰማኝ።  አልገዛሁም ብል የራሴን ለምን አላወቅሁም? አፍንጫ የለኝም ብል ደግሞ የዘንድሮው ካርድ ብቻ አይደለም፣ የዕድሜ ልኩ ጋን ነው የሚቀርብኝ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት። ሰብሳቢው ወደ ወጣቱ ልጅ ዞረና ማሰሮዋን መልስላት አለ።

አማቴ ተነሡ። ጓደኛቸው ክንዳቸውን ይዘው ነበር፤ ቀስ ብለው አስለቀቁ። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ምንም እንደማይነኩ ሰው ሁሉ እንዲያይ፣ ወደ ጠረጴዛው መጡ። ከዳር ጀምረው በእያንዳንዱ ብርጭቆ ላይ ጎንበስ እያሉ ሄዱ። የመታወቂያ ክፍሉ ሠራተኛ ሳይቀር በመስኮት ብቅ ብሏል። ከዳሩ ሁለተኛ ላይ ሲደርሱ ወደ ጎረቤቴ ዞር ብለው፣ ጌሾሽ ጥሩ ነው፣ ጋንሽ ግን ፕላስቲክ ነው አሉ። ጎረቤቴ መሬት መሬት አየች። አራተኛው ላይ ቆሙ። "ይኼ ነው የቤቴ ጠላ" አሉ።

ወጣቱ ልጅ ከብርጭቆው ሥር የተለጠፈውን ቁጥር አየ፤ የእኔ ነበር። ሰብሳቢው ግራ ገባው። የአማቴን ነጠላ አየ፣ ብብታቸው ሥር ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ አየ፣ እሳቸው ይጠጣሉ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ጠጥቼ አላውቅም አላሉም፤ ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ አልቀመስኩም አሉ። ታዲያ ጠላውን የጠመቀው ማን ነው አላቸው። እዚህ ላይ እኔ በሆዴ ጸለይኩ፤ እኔ ነኝ ይበሉና ያድኑኝ ብዬ። እሳቸው ግን ለመዋሸት ያልተፈጠሩ ሴት ናቸው።

"እሷ ማሽተት አትችልም፣ ታማ ነው የጠፋባት" አሉ። "እጁ የእሷ ነው፤ አፍንጫው የእኔ ነው።"

ይኸው ወጣ። ስንት ዓመት የደበቅሁትን ነገር ቀበሌው ሁሉ፣ ሰልፉ ሁሉ፣ የማኅበሬ ሴቶች ሁሉ ሰሙት። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አማቴን በዚያች ደቂቃ ጠላኋቸው፣ አልዋሽም። ከሌብነት እንዳወጡኝ የገባኝ በኋላ ነው። ኮሚቴው ራስ ለራስ ተጠጋግቶ አወራ። አንዱ አይሆንም ይላል፣ አንዱ ደንቡ ጠማቂዋ ትለየው ነው የሚለው፣ ለየችው ይላል። በመጨረሻ ሰብሳቢው ጉሮሮውን አጠራ። ጠላው የቤታቸው መሆኑን ኮሚቴው አምኗል፣ ነገር ግን እኛ ዳኞቹ ቀማሽ ሳይቀምሰው አንጠጣም አለ። ይኼ የአገር ደንብ ነው፤ የጠመቀ ሰው ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይጠጣል፣ ከዚያ ነው ሌላው የሚጠጣው። ጠላችን የተቀዳበትን ጆግ አንሥቶ ለየሁት ላሉት ሰው ሰጠ፣ ለአማቴ።

አማቴ ጆጉን ተቀብለው ቆሙ። ጓደኛቸው ከሰልፉ ፊት ቆመው ያያሉ። ቢጠጡ የስንት ዓመት ቃላቸው በአንድ ጉንጭ ይሄዳል፤ ባይጠጡ ዳኞቹ አይጠጡም፣ ካርዱም የለም። ይተዉት፣ ይቅርብን አልኳቸው፣ ከልቤ ነው ያልኩት። አልሰሙኝም። ጆጉን በቀኝ እጃቸው ይዘው በግራቸው የእኔን እጅ ሳቡ፣ ጣቶቼን ዘርግተው መዳፌን አጎድጉደው ያዙና ጠላውን ቀዱበት።

"ጠጪ" አሉኝ።

ጠጣሁ። ምንም አልጣመኝም። ቅዝቃዜው ብቻ ተሰማኝ፣ አንጓዬ ላይ ደግሞ የአማቴ ጣቶች፤ አጥብቀው ነበር የያዙኝ። ሰብሳቢው ወደ ወጣቱ ልጅ አየ፣ ልጁ ትከሻውን ሰበቀ፤ በማን መዳፍ እንደሚቀመስ ደንቡ ምንም አይልም። ሰብሳቢው ብርጭቆውን አነሣ። አንድ ጎንጨት አለ፣ ቆየ፣ ብርጭቆውን ጨርሶ እንደገና አስቀዳ። ሁለተኛውን ለሥራ ነው የጠጣው ብዬ አላምንም።

አለፍን። ከማዶዋ ጎረቤቴ ጋር፣ እሷም አለፈች። ካርዴ ላይ የእኔንና የአማቴን ስም አጣበው ጻፉት። በባጃጅ ስንመለስ እናመሰግናለን ማለት ሲገባኝ ጮህኩባቸው፤ ማን ሕመሜን ለአገር አውሩልኝ አለዎት አልኩ። እሳቸውም በወላይትኛ መለሱልኝ፤ ሲናደዱ አማርኛቸው ይጠፋል። የባጃጁ ነጂ የሚገባው ይመስላል፤ አንገቱን እየሰበረ በመስታወት ያየኝ ነበር። ቤት ስንደርስ ተኳርፈን ነበር። የማኅበሩ ሴቶች ግን ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁትን አልተናገሩም። የሚቀጥለው ማኅበር ላይ ብርጭቆዬን ቀመሱና አንዷ ብቻ፣ አማትሽ ዛሬም አሽትተውታል አይደል አለችኝ፤ አዎ አልኩ፣ ድገሚኝ አለች።

እሑድ መጣ። አማቴ እንደ ወትሯቸው ነጭ ለብሰው ወጡ። ከወትሯቸው ቀድመው ተመለሱ። ምን ሆኑ ብል ጫማቸውን አውልቀው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ጓደኛቸው የተናገሩት በክፋት አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጠይቀዋቸው ያዩትን ነው የነገሩት። ሽማግሌዎቹም አማቴን አስጠርተው፣ መጠጥ በእጇ የቀዳች እህት ሴቶችን በጸሎት ልትመራ አትችልም፣ ውድድሩን ትተው ንስሐ ቢገቡ ጥሩ፣ ካልሆነ በዓሉ እስኪያልፍ ከመሪነቱ ይረፉ ብለዋቸዋል። አማቴ ያን ቦታ ያገኙት የባለቤቴ አባት ከመሞታቸው በፊት ነው። ዝናብ ቢዘንብ፣ ቢታመሙ፣ ልጅ ቢሞትባቸው እንኳ ያን ወንበር ባዶ አድርገው አያውቁም። እና ምን አሏቸው አልኩ። አርፋለሁ አልኳቸው አሉኝ።

 ገብቼ ካርዱን አመጣሁ፤ ነገ ጠዋት ቀበሌ ሄጄ እመልሰዋለሁ፣ ጠላውም ሜዳውም ይቅር፣ እርስዎ ወደ ቦታዎ ይመለሱ አልኳቸው። አማቴ ካርዱን ከእጄ ወሰዱና አገላብጠው አዩት። 

"አንተ ከተውክ እኔ በከንቱ ነው የተቀጣሁት" አሉኝ።

አጠገባቸው በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እንደ ልጅ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ። እሳቸው ልቅሶዬን እስክጨርስ ጠበቁኝ። ስጨርስ ወደ ማድ ቤቱ ዞር ብለው አየር ሳቡና፣ ለሜዳው ያስቀመጥሽው ብቅል መሻገት ጀምሯል፣ ተነሺና አውጥተሽ ድፊው፤ ሌላ እንገዛለን አሉኝ።